የእማማ ቦርሳና ዘጠኙ ስዕሎች

የመጀመሪያውን የጨርቅ ቦርሳ የሠራሁት የደረት ራጅ እንዲይዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለገበያ፣ ለመጽሐፍ፣ ለሕፃናት ልብስ የሚሆን ብዙ ሠርቻለሁ፤ ሰው የፈለገውን ስዕል ሲያመጣልኝ በካውያ አትሜለታለሁ። የመጀመሪያውን ግን አበላሽቼው ነበር። የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ናይሮቢ እንኖር ነበር። ቤታችን ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር፣ ልብስ የምተኩስላት እንግሊዛዊት መምህርት ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ያለችው አንዲት ክፍል ናት። ባለቤቴ፣ የስምንት ዓመት ልጄና እኔ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን አማኞች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ እናመልካለን። ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኙ ልጆቻችን እማማ ዘንድ ሄደው አማርኛ ይማራሉ።

እማማ ስንል ሌላ ስም አንጨምርም። በኅብረታችን እማማ አንድ ብቻ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው አልደከመም። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ። እኔ ልጄን ታቅፌ ናይሮቢ ስገባ ባለቤቴ ገና አልደረሰም ነበር፤ ማንንም አላውቅም። እማማ ሁርሊንግሃም ካለችው ክፍላቸው ግማሹን ሰጡኝ። ሰባት ወር አብሬያቸው ኖርኩ። ልጄ የመጀመሪያ እርምጃዋን የሄደችው ከእሳቸው አልጋ እስከ እሳቸው ወንበር ነው። ወድቃ ስታለቅስ "ተነሺ፣ ገና ሩቅ ነሽ" አሏት። ያነሳኋት እኔ ነኝ።

ኖርዌይ ያለው ልጃቸው እሱ ዘንድ እንዲሄዱ ለብዙ ዓመት ሲጽፍ የነበረው ማመልከቻ ተሳካና የመሄጃ ቀን ተቆረጠላቸው፤ ሐሙስ ማታ። የተፈቀደላቸው አንድ ሻንጣና በእጅ የሚያዝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀታቸውንና ለጤና ምርመራ የሚጠየቀውን የደረት ራጃቸውን እንደ መንገደኛው ሁሉ በፌስታል ይዘው ነው የሚሄዱት። ራጁ ትልቅ ነው፤ እንዲታጠፍ አይፈቀድም። ፌስታሉ ደግሞ ገና ሳይሄዱ ጆሮው ተበጥሶ በገመድ አስረውታል።

ሊሄዱ አሥራ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሴቶቹ ከበቧቸው። አንዷ ጋቢ አምጥታለች።

"እማማ፣ አገሩ ብርድ ነው አሉ።"

"ሻንጣዬ ሞልቷል።"

"በእጅዎ ይያዙት።"

"በእጄ የጎን አጥንቴን ፎቶ ይዤ ነው የምሄደው። የሱን ቦታ ለጋቢሽ ልስጥ? አየር ማረፊያ ላይ አጥንትሽ የት አለ ቢሉኝ ጋቢ ላሳይ?"

ሴቲቱ ሳቀች። ጋቢዋን ግን ይዛ ተመለሰች። በርበሬ ያመጣችውም፣ አልበም ያመጣችውም እንደዚያው ተመለሱ። እኔ ባዶ እጄን ስለነበርኩ የሚመልሱት አላገኙም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ልጄ ዝም ብላ ተቀመጠች። ዝም የምትል ልጅ አይደለችም።

"ምን ሆንሽ?"

"ማሚ፣ እማማ ሲሄዱ ይረሱናል?"

"አይረሱም።"

"እሳቸው ግን ብለዋል። ዘጠኛችን አብረን የተነሳነውን የገና ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩትና፣ ጭንቅላታችሁ ሁሉ ምስር አክሎብኛል፣ ማን ማን እንደሆናችሁ አላውቅም አሉ። እዚያ ሲሄዱም አያውቁንም።"

ቀልድ መሆኑን ልነግራት አሰብኩ። ነገር ግን ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። እማማ ዘጠኙን ልጆች የሚለዩት በድምፅ ነበር። ኖርዌይ ድምፃቸው አይደርስም፤ ፎቶው ደግሞ ለዓይናቸው ትንሽ ነው። ሰባት ወር ያስጠለሉኝ ሴት የልጄን መልክ ማየት ሳይችሉ ሊሄዱ ነው። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ እምቢ የማይሉትን ነገር ስጠኝ፣ አልኩ።

ቤት ስንደርስ ከለሮቹ ትዝ አሉኝ።

መምህርቷ ለዕረፍት ወደ አገሯ ከመሄዷ በፊት ስምንት ከለር ያለበት ትንሽ ሳጥን ሰጥታኝ ነበር። ሲያዩት እንደ ሰም ነው። በወረቀት ላይ ይሳልበታል፤ ወረቀቱ ጨርቅ ላይ ይገለበጥና በጋለ ካውያ ሲጫኑት ስዕሉ ወደ ጨርቁ ይሻገራል። ተማሪዎቿ ሲሠሩት አይቼ ስለወደድኩት ነው የሰጠችኝ። ጽሑፍ ተገላብጦ ስለሚወጣ ስዕል ብቻ ይሁን ብላኛለች። "ሌላው ሳጥኑ ላይ ተጽፏል" አለች። ሳጥኑን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ አላነበብኩትም።

አሁን ያሰብኩት ይህን ነው፤ ራጁ ሳይታጠፍ የሚገባበት፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ ዘጠኙም ልጆች ትልቅ ትልቅ አድርገው የሳሉበት ቦርሳ። ጋቢ አይደለም፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በተበጠሰው ፌስታል ቦታ የሚያዝ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው "ይሄን እንኳ አይመልሱም" አለ። ከዚያ ትንሽ አስቦ "ይመልሱ ይሆናል" አለ።

ማክሰኞ ኢስሊ ገበያ ሄጄ ጨርቅ ገዛሁ። ነጋዴው የሞያሌ ሰው ነው፤ ሙስሊም፣ ልኩ ትክክል፣ ወሬው ብዙ። ለኅብረታችን የመጋረጃ ጨርቅ የምንገዛው ከእሱ ነበር።

"ለምን ፈለግሽው?" አለኝ።

"ለእናት የሚሰጥ ቦርሳ ልሰፋ ነው።"

"እንግዲያው ቴትሮን ውሰጂ። ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ ነጭነቱ አይለቅም።"

"ወንድሜ፣ ለእናት ናይሎን ይሰጣል?"

"ናይሎን መቼ አልኩሽ? ቴትሮን ነው ያልኩሽ።"

"ሁለቱም እሳት ሲያዩ ይቀልጣሉ። አቡጀዲ ስጠኝ፤ ንጹሕ ጥጥ።"

ጣቃውን አወረደ። "እሺ እህቴ፣ ጥጥሽን ውሰጂ። ወላሂ ግን ቴትሮኔ ሰምቶሻል።"

ጥጥን እንዲህ የማከብረው ብቻዬን አይደለሁም። እኛ ዘንድ ለሙሽራም፣ ለአራስም፣ ለሟችም የሚቀርበው ጥጥ ነው። ቴትሮን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ይሆናል፤ ክብር ለሚገባው ሰው አይሰጥም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው።

አቡጀዲውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኮስኩት። ራጁን ለመለካት ሰበብ ፈጥሬ እማማ ቤት ሄድኩና በስንዝር ለካሁት። "ሳንባዬን ልትገዢው ነው?" አሉኝ። "ዋጋውን እያየሁ ነው" አልኳቸው።

ቅዳሜ ዕቃ ስለሚያስሩ ትምህርት የለም ብለው ነበር። ልጆቹ ወደ እኛ ግቢ መጡ፤ ትንሿ አራት ዓመቷ፣ ትልቁ አሥራ አንድ። ሣሩ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ለእማማ ሳሉ አልኳቸው። ስምንት ከለር ለዘጠኝ ልጅ ነው፤ በቢጫው ተጣሉ። አንዱ ቤቱን ሳለ። አንዷ አበባ ሳለች። ኳስ የሚወድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ራሱን ከኳስ ጋር ሳለ። ትንሿ ላም ሳለች፤ ላም መሆኑን የነገረችን ራሷ ናት። ልጄ ፀሐይ ሳለችና ከቢጫው ግማሹን ጨረሰች።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬን አዘጋጀሁ። ዘጠኙን ወረቀቶች ሦስት ሦስት አድርጌ በሦስት ረድፍ አቡጀዲው ላይ ገለበጥኳቸው። ካውያ ለእኔ ቀላል ነገር ነው። በቀን አርባ ልብስ እተኩሳለሁ፤ የወንድ ሸሚዝ አንገት ላይ አንድ ጭምዳድ አይተርፈኝም። ካውያውን አግዬ ጫንኩ። ወረቀቶቹን ሳነሳ ስዕሎቹ ተሻግረዋል። ገርጥተዋል ግን። ሰማያዊው እንደ ጭስ ነው፤ ቢጫው አለ ለማለት ይከብዳል።

ጨርቁ ሲቀዘቅዝ ይደምቃል ብዬ ቦርሳውን ሰፋሁት። ሁለት ጠንካራ ማንገቻ አደረግሁለት። ራጁ ሊገባበት የሚችል መሆኑን በካርቶን ሞከርኩ፤ ልክ ነበር።

እናቴ ለሰው የሚሰጥ ጨርቅ ታጥቦና ተተኩሶ ነው የሚሰጠው ትል ነበር። ሰው ሲቀበልሽ ሳሙናና ካውያ ይሽተተው፣ ትል ነበር። ከሰፋሁት ልብስ ሁሉ ሳላጥብ የሰጠሁት የለም። ስለዚህ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርጌ ቦርሳውን በሳሙና አሸት አሸት አደረግሁት።

ውኃው ቀለም ያዘ። እጄን አቆምኩ። ቦርሳውን ሳነሳው ነጭ ነው። እንደገዛሁት ነጭ ነበር። ኳሱ የለም፣ ቤቱ የለም፣ ላሟ የለችም። ከፀሐይዋ ጥግ አካባቢ ትንሽ ቢጫማ ነገር ቀርታለች።

ወረቀቶቹን መልሼ ጫንኩ። ከለሩ አንዴ ወጥቷል፤ ምንም አልሰጡኝም።

እዚያው ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑ ሰኞ ነው፤ እማማ ሐሙስ ይሄዳሉ። ልጆቹ እሁድ ዕለት ሁሉም በጆሮዬ "አለቀ ወይ?" ሲሉኝ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳውን ገመዱ ላይ አየችው።

"ስዕሉ በዚያኛው በኩል ነው?"

"በዚያም በዚህም የለም።"

አላለቀሰችም። መሳቢያውን ከፍታ ሳጥኑን አወጣች፤ ጀርባውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

"ማሚ፣ ጽፏል እኮ። ሲንቴቲክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው ይላል። ኮተን ላይ አይዝም ይላል።"

"ሲንቴቲክ ምን ማለት ነው?"

የዩኒፎርሟን ሸሚዝ አንገት ገልብጣ ምልክቱን አሳየችኝ። "ይሄ።"

ቴትሮን።

ሳጥኑን ያላነበብኩት እንግሊዝኛው አቅቶኝ አልነበረም፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ስለ ጨርቅ ሳጥን የሚያስተምረኝ ነገር ያለ ስላልመሰለኝ ነው። ይህን ለልጄ ነገርኳት። "ኦኬ" አለችኝና እራት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት።

ማክሰኞ ገና ሱቁ ሲከፈት ኢስሊ ደረስኩ።

"እህቴ፣ ጥጡ አለቀ?" አለኝ ነጋዴው።

"ቴትሮን ፈልጌ ነው።"

"ምን?"

"ቴትሮን።"

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። "መኪናው እየጮኸ አልሰማሁሽም።"

"ሰምተኸኛል።"

"እኔ እንኳ ሰምቻለሁ። እሱ ነው ያልሰማው።" ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። "ባለፈው እሳት ሲያይ ይቀልጣል ያልሽው እሱን ነው። ይቅርታውን ለሱ ንገሪው።"

ሁለት ሴቶች ቆመው ያያሉ። ጣቃውን በእጄ መታ መታ አድርጌ "ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ምን ይላል?" አለች አንዷ።

"እያሰበበት ነው" አለ ነጋዴው። ነገሩን ስነግረው ግን ሳቁን ተወ። መቀሱን ካስቀመጠበት ላይ አልፎ ግማሽ ሜትር ጨመረልኝ። "ይሄ ለእናትየው። ምርቃት ይደርሰኛል፣ ንገሪያቸው" አለኝ።

ቀጥሎ ልጆቹን ማግኘት ነበር። በአንድ ቦታ ልሰበስባቸው አልችልም፤ የትምህርት ቀን ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ልጄን ከትምህርት ቤት እየወሰድኩ በማታቱ ዞርን፤ ኪሌሌሽዋ፣ ሁርሊንግሃም፣ ተመልሰን ኢስሊ። ከለሩ በልጄ እጅ፣ ወረቀቱ በእኔ። ወንበር ሲጠፋ ረዳቱ ወረቀቱን ተቀብሎ በራሱ ላይ ያደርግልኝ ነበር። "ማማ፣ መምህር ነሽ?" አለኝ። "አይደለሁም፣ ተማሪ ነኝ" አልኩት።

ያኛው ስዕል ጠፍቷልና እንደገና ሳሉ ስላቸው ልጆቹ የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። አላዘኑም። ያንኑ መልሶ የሳለ ግን አንድም የለም። ቤት የሳለው አሁን አውሮፕላን ሳለ፤ ቤት አርጅቷል አለኝ። አበባ የሳለችው ጫማዋን ሳለች። እንደ በፊቱ ሳሉ እያልኩ ብለምንም የሚሰማኝ የለም።

ኳስ የሚወደው ልጅ እናቱ የምትሠራበት ሁርሊንግሃም ያለ ምግብ ቤት ጓሮ ተቀምጦ ጠበቀን። ሲያየኝ ተነሳ።

"እቴቴ፣ ልጅሽ ነግራኛለች። ስዕሌ ተገላብጦ ነበር። ኳሱ በቀኝ እግሬ ሆኗል።"

"አዎ፣ ሲታተም ይገለበጣል።"

"እኔ እኮ ግራኝ ነኝ። እማማ ቀኝ እግር ካዩ ሌላ ሰው ነው ይላሉ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አስቤበታለሁ።" ኳሱን በቀኝ እግሩ አድርጎ ሳለና ቀና አለ። "አሁን ሲገለበጥ ግራ ይሆናል።"

ልጄ በአድናቆት አየችው። እኔም አየሁት። ሳጥኑ ያን አልጻፈም ነበር።

ትንሿ ኢስሊ ናት። እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ አንድ ትልቅ ክብ ሳለች። ክቡ ውስጥ ሁለት ሌላ ክብ አደረገች።

"ላም ናት?" አልኳት።

"ላም አይደለም። እማማ ናቸው።"

"ክቦቹስ?"

"መነጽር።" ቀጥላ በቀይ ከለር ከክቡ አጠገብ ረጅም መስመር አወረደች፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ። እማማ ፊደል የሚያሳዩበት ዱላ ነበር። እናቷ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም።

የመጨረሻዋ ልጄ ነበረች። ረቡዕ ሳይመሽ ቤት ገብተን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ቢጫው ከጥፍር አንሷል። ፀሐይ አይወጣውም። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን አየችውና ሰማያዊውን አንስታ ካውያዬን ሳለች፤ ገመዱን ጨምራ።

"ለምን ካውያ?"

"እማማ ሲያዩት አንቺንም ያስታውሳሉ። አንቺ ስዕል የለሽማ።"

ተነስቼ እራት አቀረብኩ።

ሐሙስ ሲነጋ ተነሳሁ። በዚህ ጊዜ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀለሙ አልፎ እንዳይወርድ ከሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። መጀመሪያ ማተም፣ ከዚያ መስፋት። ካውያውን መግፋት የለም፤ ማስቀመጥ፣ መቁጠር፣ ማንሳት ነው። እጄ ሃያ ዓመት የለመደው መግፋት ስለሆነ ይህ ከሁሉ ከበደኝ። ግራ እጄን ቀኝ እጄ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ጨርቁ እንዳይቀልጥም ፈራሁ፤ እያንዳንዱን ወረቀት ስጫን "ጌታ ሆይ" እላለሁ፣ ሳነሳ "ተመስገን" እላለሁ። ዘጠኝ ጊዜ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ሳነሳ አውሮፕላኑ ነበር። ወረቀቱ ላይ ደብዛዛ የነበረው አረንጓዴ ጨርቁ ላይ እንደ አዲስ ቅጠል ሆኖ ወጣ። ልጄ በሌሊት ልብሷ መጥታ አጠገቤ ቆማለች። "ተሻገረ" አለች በሹክሹክታ። ሁሉም ተሻገሩ። ኳሱ በግራ እግር ነው። ዱላው ቀይ ነው።

ቴትሮኑ ብቻውን ስስ ስለሆነ የታጠበውን አቡጀዲ ቦርሳ ገበር አደረግሁለት። ከውስጥ ጥጥ፣ ከውጭ ቴትሮን። ሰፍቼ ሳበቃ ወደ ሳፋው አየሁ። አላጠብኩትም። እናቴ ይቅር ትበለኝ፤ ካውያ ብቻ ነበር የሚሸተው።

ስምንት ሰዓት ላይ እማማ ቤት ደረስን። ክፍሏ ባዶ ናት፤ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል፤ እሳቸው ባርኔጣ አድርገው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ፌስታሉ ጭናቸው ላይ ነው።

"ምንም አልቀበልም ብያለሁ" አሉ ገና እጄን ሲያዩ።

"ስጦታ አይደለም እማማ። የራጅ መያዣ ነው።"

ቦርሳውን ተቀብለው በመጀመሪያ ማንገቻውን ጎተቱ። ጠንካራ ነው። ከዚያ ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ፣ ከላይ ከግራ ጀምረው ማየት ጀመሩ። እኛ ቆመናል። ይመልሱት እንደሆነ አላውቅም።

"አውሮፕላን። ይሄ ያ ቀልቃላው ነው፤ ሀ ሲጽፍ እግሩን የሚያስረዝመው። ክንፉንም አስረዝሞታል።" ጣታቸው ሄደ። "ጫማ። ይቺን አውቃታለሁ፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበሬ ላይ ትወጣለች።" ጣታቸው ቆመ። "ይሄ ግራኝ ነው።"

ልጄ እጄን ጨመቀችው።

እንዲህ እያሉ ሄዱ፤ አንዱንም አልሳቱም። የትንሿ ልጅ ስዕል ላይ ደረሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

"ይቺ ማናት?"

"እርስዎ ነዎት እማማ" አለች ልጄ።

"እንዲህ አስፈራለሁ?"

ልጄ ወደ እኔ አየች። "ትንሽ" አለች።

"ዱላው ልክ ነው። ፊቴን ግን አወፍራኛለች፤ ትባረክ።" የመጨረሻው ላይ ደረሱ። "ይሄ መርከብ ነው?"

"ካውያ ነው።"

"የእናትሽ?"

"አዎ።"

ጨርቁን በሁለት ጣት ይዘው አሸት አደረጉት። "ንጹሕ ጥጥ ነው?" አሉኝ።

መዋሸት አልችልም። "አይደለም እማማ። ውስጡ ነው እንጂ ላዩ ቴትሮን ነው።"

"ጎሽ" አሉ። "ጥጥ ይጨማደዳል።"

ወረቀታቸውንና ራጁን ከፌስታሉ አውጥተው ቦርሳው ውስጥ አስገቡ። ልክ ገባ። ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉትና ተነሱ። ስለ ነጋዴው ምርቃት ስነግራቸው በሩ ላይ ቆመው ቀና ብለው መረቁት፤ ስሙን ጠይቀውኝ፣ በስሙ።

አየር ማረፊያ ከመስታወቱ በር ወዲያ ሸኚ አይገባም። ልጆቹ የቻሉት መጥተዋል፤ ስድስቱ። ጉልበታቸውን ስመው ተሰናበቷቸው። እማማ "አንብቡ" ብቻ ነው ያሏቸው። ልጄን ትንሽ ቆየት አድርገው ያዟት። የእኔን ጉንጭ በመዳፋቸው ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ከዚያ ገቡ።

በመስታወቱ ውስጥ ሰልፉ ይታየናል። ተራቸው ደርሶ ባንኮኒው ፊት ቆሙ። ባንኮኒው ላይ ያለው ወጣት ወረቀታቸውን ጠየቀ። ሰጡት። ራጁን ጠየቀ። አወጡለት። ወደ ብርሃኑ አንስቶ አይቶ መለሰላቸው። ያን ጊዜ ባዶውን ቦርሳ ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን ከላይ ከግራ አስቀመጡና መናገር ጀመሩ። በስዋሂሊ ይሁን በእንግሊዝኛ አይሰማንም። ወጣቱ መጀመሪያ ወደ ሰልፉ አየ፤ ረጅም ነበር። ከዚያ ጎንበስ አለ።

"አውሮፕላኑ ጋ ናቸው" አለች ልጄ፤ ግንባሯ መስታወቱ ላይ ነው። "ጫማው። ሦስት። ኳሱ ጋ ደረሱ።"

"ግራ መሆኑን ይንገሩት" አለ ግራኙ ልጅ ከጎኗ።

"እየነገሩት ነው። እግራቸውን አነሱ።"

እውነትም ግራ እግራቸውን ትንሽ አንስተው አሳዩት። ወጣቱ ሳቀ። ከኋላቸው የቆመች ሴትም በትከሻቸው ላይ ለማየት ተንጠራራች።

"አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት" አሉ ልጆቹ በአንድነት። የራሱ ስዕል ሲደርስ የእያንዳንዱ ድምፅ ትንሽ ከፍ ይላል። ስምንት ላይ እማማ በሁለት እጃቸው መነጽራቸውን አሳዩ፤ ቀጥለው ዱላ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ወዘወዙ።

"ዘጠኝ" አለች ልጄ።

ወጣቱ ማኅተሙን አንስቶ መታ። እማማ ወረቀቱንና ራጁን ቦርሳው ውስጥ ከተቱ፤ ስዕሎቹን ወደ ውጭ አድርገው አነገቱት፤ ወደ ኋላም አላዩም። ዓይናቸው እስከ እኛ አይደርስም ነበርና አልተቀየምኳቸውም። ጌታን አመሰገንኩ። ልጆቹን ቆጥሬ ወደ ማታቱው ወሰድኳቸው።